ክራሬን ይዤ ሁለተኛ ዲግሪ የት ልማር?

«ይድረስ ለምክር ዓምድ። ዕድሜዬ 29 ነው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራርን ዋና፣ ፒያኖን ንዑስ መሣሪያ አድርጌ ተመርቄ፣ ጅማ ሄርማታ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክወናና ዕይታ ጥበባት ሳስተምር 4ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በአንድ ክፍል 70 ልጅ አለኝ፤ ከራሴ ክራር በቀር መሣሪያ የሚባል የለም። በሙዚቃ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ። የተመረቅሁበት ውጤት 2.9 ነው። ክራር ተጫዋች ማን ይቀበለኛል? የማስተማር ቪዲዮ ላኪ ይላሉ፤ ምኑን ልቅረጽ? የምከፍለው ገንዘብ የለኝም። እናቴ ደግሞ የደም ግፊት ሕመምተኛ ስለሆነች ርቄ መቆየት ይከብደኛል። ክራሬንስ ይዤ ልሂድ ወይስ ሸክም ይሆንብኛል?»
መምህርት፣ ከጅማ

ውድ መምህርት፣

ክራርዎን፣ ውጤትዎንና የክፍልዎን መጨናነቅ በአንድ ትንፋሽ እንደ ጉድለት ቆጥረው ጽፈውልናል። ከሦስቱ ጉድለት ሊባል የሚችለው ውጤቱ ብቻ ነው፤ እሱም መላ አለው። ያለ መሣሪያ 70 ልጅ ሙዚቃ ማስተማርዎ ግን የሙዚቃ ትምህርት መምህራን በአመልካች ላይ ሊያዩት የሚፈልጉት ነገር ነው። ማመልከቻዎ በሙሉ ከዚያ ክፍል መነሳት አለበት።

አስቀድመው በሩን ይለዩ። አመልካቾች ሦስት በሮችን ያምታታሉ። አንዱ ክወና ነው፤ መሣሪያ ተጫውተው የሚፈተኑበት። ክራር የሚያስተምር ሰው የሌለው ትምህርት ክፍል በክራር ሊቀበልዎ አይችልም፤ «ክራር ተጫዋች ማን ይቀበለኛል» ያሉት ስጋት እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ኢትኖሙዚኮሎጂ ነው፤ ሙዚቃን ከሕዝቡ ኑሮ ጋር አያይዞ የሚያጠናው ዘርፍ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ከሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በዚህ ዘርፍ ነው። ሦስተኛው እርስዎ የፈለጉት የሙዚቃ ትምህርት ነው፤ ጥያቄው «ልጅ ሙዚቃን እንዴት ይማራል፣ መምህሩስ ምን ያድርግ» የሚል ነው። እዚህ በአብዛኛው የሚታየው የማስተማር ልምድዎ፣ የማስተማር ቪዲዮዎና የዓላማ መግለጫዎ ነው። ክራር እንቅፋት አይሆንም።

የመግቢያ መስፈርቱን ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ። በተለይ አሜሪካ ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዲግሪዎ በሙዚቃ ሳይሆን «በሙዚቃ ትምህርት» እንዲሆን ወይም የማስተማር ፈቃድ እንዲኖርዎ ይጠይቃሉ። የእርስዎ ዲግሪ በመሣሪያ የተገኘ ስለሆነ ጥያቄው አይቀርልዎትም። የድህረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማውን (ፒጂዲቲ) ወስደው ከሆነ ትራንስክሪፕቱን አብረው ያያይዙ፤ ብዙዎች ለሥራ ቅጥር ብቻ የሚያገለግል ወረቀት መስሏቸው ይተውታል፤ የማስተማር ዘዴ መማርዎን የሚያሳየው ማስረጃ ግን እሱ ነው። ካልወሰዱ ደግሞ ማሟያ ኮርስ ሊጨመርብዎ እንደሚችል ይወቁ። ማሟያ ኮርስ ገንዘብ ያስከፍላል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ለዲግሪው ግን አይቆጠርም። ከማመልከትዎ በፊት «ለእኔ ስንት ማሟያ ኮርስ ይኖራል?» ብለው በኢሜይል ይጠይቁ።

ስለ 2.9ም ይኸው ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች 3.0 ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች ብቻ የሚያሰሉ አሉ፤ በቅድመ ሁኔታ የሚቀበሉም አሉ። የ3ኛና የ4ኛ ዓመት ውጤትዎን ለብቻው ያስሉት። ከ3.0 በላይ ከሆነ በዓላማ መግለጫው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥቀሱት፤ ሰበብ አይደርድሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዓላማ መግለጫ ሲባል አብዛኛው አመልካች «ከልጅነቴ ጀምሮ ሙዚቃ እወዳለሁ» ብሎ ይጀምራል። አንባቢው እንዲህ ያለውን በቀን ሠላሳ ጊዜ ያነባል። እርስዎ በጥያቄ ይጀምሩ፤ ጥያቄውም በእጅዎ ነው። የሃንጋሪው ዞልታን ኮዳይ ልጅ ሙዚቃን መማር ያለበት በራሱ አገር የልጆች ዜማ፣ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ነው የሚል መርህ አቁሟል። በእሱ መንገድ የሚያስተምሩ መምህራን በሶልና ሚ ይጀምራሉ፣ ላን ይጨምራሉ፣ ከዚያ ዶና ሬ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ግማሽ ቶን (በሁለት ድምፆች መካከል ያለው አጭሩ ርቀት) የሌለባቸውን አምስት ድምፆች ያስቀድማል፤ ለትንሽ ልጅ ግማሽ ቶን ማስተካከል ይከብዳል ከሚል ነው። አሁን ይህን ከክራርዎ ጋር ያስተያዩት። ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ከኮዳይ ቅደም ተከተል ጋር እጅና ጓንት ነው። አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ቶን አለበት። አንቺ ሆዬም ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ሆኖ እንዲሁ ሁለት አለበት። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ቲ ሲሆን ሚና ፋ፣ ቲና ዶ ይጠጋጋሉ። ታዲያ እነዚህን ቅኝቶች ከቤት ሲሰማ ላደገ ልጅ ግማሽ ቶን በእርግጥ ይከብደዋል? ጅማ ዙሪያ ያሉ ልጆች በአፋን ኦሮሞ በሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ውስጥስ የትኞቹ ድምፆች ይበዛሉ? መምህር ከየትኛው ድምፅ ቢጀምር ይሻላል? ይህ ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በየቀኑ መሐሉ ነው የሚውሉት።

ጥያቄውን በባዶ እጅ አይላኩት። በአንድ ወር ውስጥ ከተማሪዎችዎ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ የጨዋታ ዜማዎችን ይሰብስቡ። በስልክ ቀድተው ወደ ኖታ ያውርዷቸው፤ ሙዝስኮር የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ዜማ አምስት ነገር ይመዝግቡ፦ ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምፁ፣ ያሉበት ድምፆች ብዛት፣ የመጨረሻ ድምፁ፣ ስልተ ምቱ፣ አብሮት ያለው እንቅስቃሴ (ጭብጨባ፣ ዝላይ፣ ክብ)። ልጁ ዜማውን ከማን እንደተማረውም ይጻፉ። ሁሉም የሚጀምሩበት ድምፅ የተለያየ ስለሚሆን ሲያነጻጽሩ መቋጫ ድምፃቸውን አንድ ላይ አምጥተው ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ ሰንጠረዡ ምንም አይነግርዎትም። ሌላው ስሕተት ደግሞ ከፒያኖ ጋር የማይገጥመውን ድምፅ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ጎትቶ መጻፍ ነው። ከፍ ወይም ዝቅ ያለውን በቀስት ምልክት ያመልክቱ፤ የእርስዎ ጆሮ ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው። ይህ ሥራ ባለ 8 ገጽ የጽሑፍ ናሙና ይሆናል።

ቪዲዮውን በተመለከተ አብዛኞቹ የሚጠይቁት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን፣ ያልተቆራረጠ ትምህርት ነው። የበዓል ዝግጅት ወይም የመድረክ ኅብረ ዝማሬ አይላኩ። ገምጋሚዎቹ የሚያዩት የተጠናቀቀ ውጤት ሳይሆን ልጆቹ ሲሳሳቱ እርስዎ ምን እንደሚያደርጉ ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር የሚያስተምሩበትን ክፍለ ጊዜ ይምረጡ፦ ለምሳሌ ባለ አራት ስንኝ የቅብብል ዜማ፤ መጀመሪያ በምት ብቻ፣ ከዚያ በእጅ ምልክት፣ ከዚያ በቃል፣ በመጨረሻ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ። በመሐል አንድ ረድፍ ሲያበላሽ ቆም ብለው፣ ስሕተቱን ለይተው፣ አቅልለው መልሰው ሲያሠሩ ይታይ። ብዙ ቪዲዮ የሚወድቀው መምህሩ አሥር ደቂቃ ሙሉ ስለሚያወራ ነው። ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ልጆቹ ድምፅ ማውጣት አለባቸው።

የቀረጻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ማመልከቻ የሚያበላሸው ግን እሱ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ምንም አይሰማም፤ ስለዚህ ዝናቡ ጋብ ባለበት በጥቅምት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይቅረጹ። ኅዳር ሲገባ የቡና ለቀማው ስለሚደራ ከከተማው ዳር የሚመጡ ልጆች ይጎድሉብዎታል፤ ልምምዱን የያዘው ቡድን ተበትኖ ሌላ ቡድን ይዘው ሊቀርጹ ነው ማለት ነው። ስልኩን በአግድም፣ በክፍሉ ጎን በኩል፣ የእርስዎ ፊትና የግማሹ ክፍል ፊት አብሮ በሚታይበት ቦታ ያቁሙት። መስኮት ከጀርባዎ አይሁን፤ ፊትዎ ይጠቁራል። ሁለተኛ ስልክ ከልጆቹ መሐል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ድምፅ ብቻ ያስቀዱ፤ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ጮክ አድርገው ያጨብጭቡ፣ በኋላ ድምፁንና ምስሉን የሚያገጥሙት በዚያ ጭብጨባ ነው። ሁለቱንም ስልኮች በአውሮፕላን ሞድ ያድርጉ። በ720 ጥራት ከቀረጹ 20 ደቂቃው ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊት ላይ ዩቲዩብ ጭነው ሊንኩ ያለው ብቻ እንዲያየው ያድርጉ። ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ስለሚሆን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥሩ ያስገቡ፣ ባለ አንድ ገጽ የትምህርት ዕቅድም ያያይዙ። የርእሰ መምህሩንና የወላጆችን የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድመው ይያዙ፤ አንድ ወላጅ እንኳ «ልጄ አይቀረጽ» ካለ ልጁን ከካሜራው ውጭ ባለው ወገን ያስቀምጡት እንጂ ከክፍል አያስወጡት።

የንድፈ ሐሳብ ፈተና ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተቀበሉዎ በኋላ ነው፤ ባለ አራት ድምፅ ሐርሞኒ፣ የኮርድ ትንተና፣ የምዕራባውያን ሙዚቃ ታሪክ፣ ኖታ አይቶ መዝፈን። ከወደቁ የማሟያ ኮርስ ክፍያው ይጠብቅዎታል። የ16 ሳምንት ጊዜ ይስጡት፣ በቀን 45 ደቂቃ። ፒያኖ ከሌለ ሐርሞኒውን በሙዝስኮር ጽፈው ያዳምጡ፤ ለመዝፈኑ ልምምድ ግን ክራርዎን በአንድ ድምፅ እየመቱ በላዩ ላይ ሶልፌጅ (ዜማውን ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያሉ) ይዝፈኑ። ከፒያኖ ይልቅ ጆሮ የሚያሠራው ይኸኛው ነው።

የት ይሂዱ ለሚለው፣ ለጥያቄዎ ቀጥታ የሚገጥመው ሃንጋሪ ኬችኬሜት ከተማ የሚገኘው የኮዳይ ተቋም ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ቡዳፔስት ባለው የሙዚቃ ዩኒቨርሲቲ በሊስት አካዳሚ ሥር ያለ፣ ኮዳይ በተወለደበት ከተማ የሚገኝ ነው። በኮዳይ የሙዚቃ ማስተማር ዘዴ በእንግሊዝኛ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል። ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም የተባለው የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ኢትዮጵያውያንን ይቀበላል፤ የትምህርት ክፍያን፣ ወርሃዊ አበልን፣ የመኖሪያ ድጋፍንና የጤና መድንን ይሸፍናል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በእኛ ጥር መጀመሪያ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት በኢንተርኔት ብቻ አመልክቶ መተው ነው፤ የትምህርት ሚኒስቴር ዕጩ አድርጎ ማቅረብ ስላለበት የእሱንም ማስታወቂያ ይከታተሉ። በተጨማሪ ኖታ አይቶ መዝፈን ላይ አጥብቀው ይዘጋጁ፤ ያ ቤት የቆመው በእሱ ላይ ነው።

አሜሪካን ከመረጡ ትምህርቱ በአብዛኛው ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ነው። «50 በመቶ ስኮላርሺፕ ሰጠንዎት» የሚል ደብዳቤ ሲደርስ አይደሰቱ። እንበልና ክፍያው በዓመት 24,000 ዶላር ቢሆን፣ ግማሹ ተቀንሶ 12,000 ይቀራል፤ መኖሪያ 15,000 ይጨምሩበት፤ 27,000 ዶላር በባንክ ማሳየት ይጠበቅብዎታል። የሚያዋጣው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት እየሠሩ ክፍያው የሚነሳልዎትና አበል የሚያገኙበት የረዳትነት ቦታ ነው። በሙዚቃ ትምህርት ዘርፍ ብዙው ረዳትነት ግን የነፋስ መሣሪያ ባንድ የሚመራ ሰው ይፈልጋል። እርስዎ የዓለም ሙዚቃ ቡድን ያላቸውን፣ የአጠቃላይ ሙዚቃ ማስተማር ኮርስ ረዳት የሚቀጥሩትን ይፈልጉ፤ ለመምህሩም ከ150 ቃል ያልበለጠ ኢሜይል ጽፈው ጥያቄዎን፣ የቪዲዮዎን ሊንክና «በዚህ ዓመት ረዳት ትቀጥራላችሁ?» የሚለውን ብቻ ይላኩ። የማመልከቻ ክፍያውን ከመክፈልዎ በፊት እንዲነሳልዎ ይጠይቁ፤ የሚያነሱ አሉ፣ እርስዎም የዶላር ካርድ ፍለጋ ከመንከራተት ይድናሉ። ከተሳካ በኋላም ለቪዛና ለተማሪ ምዝገባ ሥርዓቱ ቢያንስ 535 ዶላር ያስፈልግዎታል።

እናትዎን አንስተዋል፤ ይህን በቀላሉ የምናልፈው አይደለም። ቅርብ ከሆነ ኬንያ አለ፤ ናኩሩ አጠገብ ያለው ካባራክ ዩኒቨርሲቲና ናይሮቢ ያለው ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራሉ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ እናትዎ ቢታመሙ በማግስቱ ጅማ መድረስ ይቻላል። ለኢትዮጵያዊ መግቢያ ቪዛ የለም፤ የተማሪ ፈቃድ ግን ማውጣት አለብዎት። ጋና ዊኒባ የሚገኘው የትምህርት ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ የታወቀ ነው፤ ርቀቱ ግን ለእርስዎ አይመችም። ክፍያውን የሚሸፍን ካላገኙ ኬንያም ቢሆን ይከብዳል። በኢንተርኔት የሚሰጡ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ደግሞ ጅማ ሆነው ለመማር ይመቻሉ፤ የረዳትነት ቦታ ግን አብሯቸው እምብዛም አይመጣም።

ከእናትዎ ሳይለዩ የመማር አንድ መንገድ አለ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ በሥርዓተ ትምህርትና ማስተማር ገብቶ መመረቂያውን በሙዚቃ ትምህርት ላይ መሥራት። ለዚህ ብሔራዊውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ከመመዝገብዎ በፊት ርእሱን የሚያማክር መምህር መኖሩን በአካል ሄደው ያረጋግጡ፤ ከያሬድ ሁለተኛ አማካሪ እንዲጨመር ይጠይቁ። አማካሪ ካልተገኘ አይግቡበት፤ በሦስተኛው ሴሚስተር ርእስ ቀይሪ ይባላሉና። ኬችኬሜትንና ይህንን አብረው ያመልክቱ፤ አንዱ ሌላውን አያግድም።

ወረቀቶችዎን ዛሬ ይጀምሩ። የወጪ መጋራት ግዴታዎ ካልተዘጋ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ላይላክልዎት ይችላል፤ በማስተማር አገልግሎት የሚካካስ ከሆነ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የአገልግሎት ማስረጃ ያውጡ። በዲግሪዎ፣ በትራንስክሪፕትዎና በፓስፖርትዎ ላይ የስምዎ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በአንዲት ፊደል እንኳ እንዳይለያይ፤ ከተለያየ የሚስተካከለው ፓስፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ነው። ለርእሰ መምህሩ «የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ብቻ ካሉ ጸባይዎ መልካም እንደሆነና የሥራ ሰዓት እንደሚያከብሩ ይጻፋል። በግማሽ ገጽ ነጥብ ይስጧቸው፦ ስንት ክፍል፣ ስንት ልጅ፣ ምን እንደቀየሩ። የእንግሊዝኛ ፈተናው (አይኤልትስ) አዲስ አበባ ስለሆነ የ350 ኪሎ ሜትሩን ጉዞ አንድ ቀን ቀደም ብለው ይጨርሱት፤ ብዙ ቦታ 6.5 ይጠየቃል፣ ውጤቱም የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። የአሜሪካ ቀነ ገደብ ዲሴምበር 1 ሲል ኅዳር 22 ነው። ከሥራ ሲለቁም መሸኛ ሳይዙ አይሂዱ፤ ሲመለሱ የአገልግሎት ዘመንዎ የሚያያዘው በእሱ ነው።

ክራርዎን ይዘው ይሂዱ። በምዕራባውያን የመማሪያ ክፍል ውስጥ ቅኝትን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ክራሩን ቃኝቶ ማሰማት ይቀላል፤ የረዳትነቱም በር ሊከፈት የሚችለው በእሱ በኩል ነው። ከመብረርዎ በፊት ክሮቹን ያላሉ፣ የሚነቀል ከሆነ አግዳሚውን ነቅለው በልብስ ጠቅልለው በእጅ ሻንጣ ልክ ያሽጉት፤ ትርፍ ሁለት ሙሉ ስብስብ ክር ይያዙ። የጅማን እርጥበት የለመደ ቆዳ የአውሮፓ ክረምት ማሞቂያ ሲያገኘው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከማሞቂያው ያርቁት፣ ሳይጫወቱ ሲቀሩ ክሮቹን በግማሽ ቶን ዝቅ ያድርጉ፣ በመያዣው ውስጥም ውሃ የነካካ ጨርቅ በተበሳ የሳሙና መያዣ አድርገው ያስቀምጡ።